መታወቂያችንን መልሰናል፣ ወረቀታችንን ስጡን

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለሬጅስትራር
ለተማሪዎች አገልግሎት

ጉዳዩ፦ ከምረቃ በኋላ ስለወጡት ሁለት ማስታወቂያዎችና ስላደረሱብን ጉዳት

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምንጽፈው በ2017 ዓ.ም. ከግቢያችሁ ተመርቀን የወጣን ልጆች ነን። ምስጋናችንን በምረቃው ቀን፣ በዚያ የሐምሌ ዝናብ ጋዋናችን በስብሶ ቆመን አድርሰናል። እዚህ አንደግመውም። ዛሬ የመጣነው በቅሬታ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም ሆን ብለን አልጻፍንም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሌላው አንባቢ የራሱን ግቢ ስም ቢያስገባበት ብዙም የሚሳሳት አይመስለንም።

ነገሩን የቀሰቀሱት ሁለት ማስታወቂያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በምረቃው ሳምንት ካፌው በር ላይ ተለጠፈ። ተመራቂዎች በ48 ሰዓት ውስጥ ክሊራንስ ጨርሰው ዶርም እንዲለቁ ያዝዛል። ሁለተኛው መስከረም ላይ በሬጅስትራር ሰሌዳ ወጣ። የትምህርት ማስረጃ የሚፈልግ ሁሉ ራሱ በአካል ካልቀረበ አይስተናገድም፣ ውክልናም ተቀባይነት የለውም ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ሁለቱም ከሦስት መስመር አይበልጡም። አንዱ ቶሎ ውጡ አለን፤ ሌላው ደግሞ ከያላችሁበት ተመለሱ ይለናል።

ግቢ ውስጥ እንዴት እንደኖርን ታውቃላችሁ፤ ያኖራችሁን እናንተ ናችሁ። አራት ዓመት፣ አንዳንዶቻችን አምስት፣ ቁርስ የት ይገኛል ብለን አስበን አናውቅም። ቲከሩ ሚል ካርዳችን ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ሳህን እናነሳለን፣ እንበላለን። ሽሮው ቀጠነ ብለን እናማለን። ውሃ ሲጠፋ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ ላይ እንጮሃለን። ስንታመም ክሊኒክ አለ። መብራት ሲሄድ ሕንፃው በሙሉ በአንድ ድምፅ ‹‹ኡ!›› ይላል፤ ሲመጣም እንደዚያው። ገንዘብ የሚያስፈልገን ለሻይ፣ ለፎቶ ኮፒና ለካርድ ነበር። ቀኑ በክፍልና በአሳይመንት ስለሚያልቅ ስለሌላው ለማሰብ ጊዜውም የለን። ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራ ልጅ ትዝ አይለኝም። የመውጫ ፈተና ከፊታችን ተደቅኖ እያለ ማን ስለ ኪራይ ያወራል?

የወጣንበትን ቀን ደግሞ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ የራሴን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ተመረቅን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀነ ገደቡ ያልቃል። የክሊራንስ ወረቀቱ ዘጠኝ ፊርማ ይፈልጋል። ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ዲፓርትመንት፣ ስፖርት፣ ክሊኒክ እያልኩ ስድስቱን በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ሰባተኛው ፕሮክተሩ ነው። ፕሮክተሩ የሉም፤ ለቅሶ ሄደዋል። እሳቸውን አንወቅስም፣ ለቅሶ ሁሉም ሰው ይሄዳል። ግን የሚተካቸው ሰው አልተመደበም። ከሰዓት መጡ። ፍራሹን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ሎከሩን ከፈቱ። ‹‹ቁልፉስ?›› አሉኝ። የሎከሩ ቁልፍ እኛ ዶርሙን ስንረከብም አልነበረም። ‹‹ገዝተህ አምጣ›› ተባልኩ። ባጃጅ ይዤ ገበያ ሮጥኩ። ጓጉንቸር ከነቁልፉ ገዝቼ ተመለስኩና ፊርማውን አገኘሁ።

መጨረሻ ላይ ሬጅስትራር ደረስኩ። ልጅቷ የተማሪነት መታወቂያዬን ተቀበለችኝ፣ ጥጉን በመቀስ ቆረጠች፣ ሌሎች መታወቂያዎች ወደሞሉት ካርቶን ወረወረችው። ፍሬሽ ሆኜ ገና ጺም ሳይኖረኝ የተነሳሁት ፎቶ ነበር። ከዚያ ‹‹ጨርሰሃል›› አለችኝ።

ለማክበር ያህል ከጓደኞቼ ጋር በር ላይ ወጥቼ አንድ ጀበና ቡና ጠጣሁ። ሻንጣዬና ማዳበሪያዬ ዶርም ናቸው። ልመለስ ስል የበሩ ጥበቃ አቆሙኝ። በየቀኑ ስገባ ስወጣ ሰላም የምላቸው ሰው ናቸው።

‹‹የኔ ልጅ፣ መታወቂያ?››

‹‹ጋሼ፣ አሁን መለስኩ እኮ። ዕቃዬን ላውጣ።››

‹‹ከመለስክማ ውጭ ነህ።››

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም። መመሪያ ነው አሉኝ፤ እሳቸውም ታዝዘው ነው። በመጨረሻ ገና ክሊራንስ ያልጨረሰ አንድ የዶርም ልጅ ማዳበሪያዬን ተሸክሞ አወጣልኝ። ዝናቡ ያካፋል። መናኸሪያ የሚሄድ ባጃጅ እየጠበቅኩ የግቢውን በር ከውጭ በኩል አየሁት። በዚያ በኩል ቆሜ አይቼው የማውቅ አይመስለኝም።

እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ። መንገዱ ክፍት የሆነ ቤተሰብ አለኝ። በመጀመሪያ የምናነሳው የሌላቸውን ልጆች ጉዳይ ነው።

ከእኛ ባች ውስጥ በጸጥታው ምክንያት ወደ ትውልድ ቦታቸው መሄድ የማይችሉ ልጆች እንዳሉ የተማሪዎች አገልግሎት በስም ያውቃል። በየሴሚስተሩ ዕረፍት ግቢ እንዲቆዩ የፈቀዳችሁላቸው እናንተው ናችሁ። በተመረቁ በሁለተኛው ቀን ግን ፍራሹን አስረክቡ ተባሉ። ሦስቱ ልጆች ከተማ ውስጥ አንድ አልቤርጎ ተከራይተው በአንዲት አልጋ ዘጠኝ ሌሊት አደሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተኙ ሦስተኛው መሬት ይወርዳል፣ በተራ። አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቡና የሚያፈሉት እናት ቤት ተጠጋች። እኚያ እናት በቀን ስንት እንደሚያገኙ አብረናቸው ስለዋልን እናውቃለን። ዩኒቨርሲቲው ያልቻለውን አንዲት ቡና ሻጭ ለሦስት ሳምንት ችለውታል።

ቦታው ለክረምት ተማሪዎች ይፈለጋል የሚል መልስ ተሰጥቶናል። እውነት ነው፤ የክረምት ተማሪዎች ገብተዋል፣ ሁለት ሕንፃ ይዘዋል። የቀሩት ሕንፃዎች እስከ መስከረም ተቆልፈው ነበር። ከአጥር ውጭ ሆነን እናያቸዋለን።

የባሰው ግን ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። በእሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ጊዜያዊ ዲግሪ ሳይይዝ የወጣ ብዙ ሰው አለ። ከፊሉ ፊርማ ስላልተሟላ፣ ከፊሉ ‹‹ከሁለት ሳምንት በኋላ ና›› ስለተባለ። ሁለት ሳምንት ከተማው ውስጥ ለመቀመጥ ደግሞ ዶርም የለም። ስለዚህ ሄድን። አሁን ወረቀቱ ደርሷል ይባላል፤ እኛ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነን።

አንዲት የነርሲንግ ተመራቂያችን ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ሊቀጥራት ተስማማ። የሙያ ፈቃድ ለማውጣት ጊዜያዊ ዲግሪዋ ያስፈልጋታል። ወንድሟ ከግቢው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ ይሠራል። ውክልና ሰጠችው። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ፣ ከፍላ፣ አጽድቃ ላከችለት። መስኮቱ ላይ ‹‹ውክልና አንቀበልም፣ ማስታወቂያው ተለጥፏል›› ብለው መለሱት። እሷ እስክትመጣ ክሊኒኩ አልጠበቃትም። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ ደረሰች፤ ዓርብ ከሰዓት ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ነይ ተባለች። ሰኞ ወረቀቷን አገኘች። የዚያን ዕለት ክሊኒኩ ሌላ ሰው መቅጠሩን በስልክ ነገራት።

ውክልና ማለት እኮ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጀምሮ፣ ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነገር ነው። በአገራችን ሰው በልዩ ውክልና ቤቱን ያሸጣል። መኪናውን ያሸጣል። የባንክ ሒሳቡን ያስንቀሳቅሳል። ቤት ለመሸጥ የሚበቃ ወረቀት አንድ ጊዜያዊ ዲግሪ ለመቀበል እንዴት አይበቃም? የሐሰት ማስረጃ መብዛቱን እናውቃለን፤ ጥንቃቄው እንዲኖር እንፈልጋለንም። ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠረው ሰው የሚወስደው የእኛን ቦታ ነው። ግን በውክልና የሚመጣው ሰው የሚቀበለው እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ወረቀት ነው። የሐሰቱ ወረቀት መስኮታችሁ ድረስ አይመጣም፤ ሌላ ቦታ ይታተማል።

ሐሰቱን የሚይዘው ማጣራቱ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ መልስ የለም። አንድ የአካውንቲንግ ልጅ የቀጠረው ድርጅት ማስረጃው ትክክል መሆኑን እንድታረጋግጡ በደብዳቤ ጠየቀ። ነሐሴ ላይ ነው። ይህን ስንጽፍ መልሱ አልደረሰም። ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ ሰው ሀብት ክፍል ይጠራል፣ ‹‹የሆነ ነገር አለ እንዴ?›› ይባላል። ምንም የለም። ያለው ነገር እናንተ ዘንድ የሆነ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ፖስታ ነው። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ግን በጥርጣሬ ማየት ጀምረዋል። ልፋቱን የሚያውቀው ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ በትምህርቱ ሰቃይ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ፎርጂድ ነው ተብሎ ይታማል።

ሦስተኛ ጉዳያችን አጭር ነው። የስም ስህተት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በስሟ ውስጥ አንዲት ፊደል የተዘለለችባት ልጅ አለች። ፋይዳዋ ላይ አለች፣ ፓስፖርቷ ላይ አለች፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ላይ አለች። ዲግሪዋ ላይ የለችም። ይስተካከልልኝ ስትል ከፍርድ ቤት የስም ማረጋገጫ አምጪ ተባለች። ፊደሏን የዘለለው የእናንተ ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤት የምትመላለሰው እሷ ናት።

ወጪ መጋራቱንም እናንሳ። በየዓመቱ ውል ፈርመናል። የበላነውንና የተኛንበትን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ሥራ ስንይዝ እንደምንከፍል እናውቃለን። አንክድም። ከፍለን እስክንጨርስ ዋናው ዲግሪ እንደማይሰጠንም እናውቃለን። ቅሬታችን ሒሳቡ ላይ ነው። ጠቅላላ ዕዳችንን ያየነው በክሊራንስ ቀን፣ ከኋላችን ሰልፍ ቆሞ፣ ‹‹እዚህ ጋ ፈርም›› ስንባል ነው። በሕመም ምክንያት አንድ ዓመት አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ያልነበረበት ዓመት ተደምሮበታል። ‹‹በኋላ ይስተካከላል›› ብለው አስፈረሙት። በኋላ ማለት መቼ ነው? በየዓመቱ ከፈረምናቸው ውሎች አንዱም ቅጂ እጃችን ላይ የለም። ይህን ስንናገር እኛም እናፍራለን። ፍሬሽ ሆነን ሳናነብ ፈርመናል፣ ጂሲ (የመጨረሻ ዓመት ተመራቂ) ሆነንም ሳናነብ ፈርመናል። አንብቡ ያለንም የለም።

የመውጫ ፈተናውን ያላለፉትን ጓደኞቻችንን ደግሞ ማንም ስለማያነሳቸው እኛ እናንሳቸው። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ነው። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ 47 ያመጣ ልጅ አለን። ቤተሰቡ በግ ገዝተው ነበር። እሱ ተመራቂም አይደለም፣ ተማሪም አይደለም። መታወቂያው ስለተቆረጠ ለድጋሚ ፈተናው ላይብረሪ ገብቶ ማንበብ አልቻለም። ከግቢው ፊት ለፊት ባለ ሻይ ቤት እየተቀመጠ፣ በሰዓት አንድ ሻይ እያዘዘ ያነባል። ከአጥሩ ወዲያ ላይብረሪው ይታየዋል።

ሌላው ስለ ሥራ መረጃ ማዕከላችሁ ነው።

አስተዳደር ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሩ ላይ ጽሑፍ አለው። ውስጡ የተሰባበረ ወንበር ተከምሮበታል። አራት ዓመት በበሩ አልፈናል። አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛ ዓመት እያለን፣ አንድ ዲን ስለ ሥራ ፍለጋ ሊያናግሩን ጠርተውን ነበር። በትልቁ አዳራሽ ሰባት ሆነን ተገኘን። የቀረው ኳስ እያየ ነበር፤ እኔም ከቀሩት አንዱ ነኝ። ይህን ለመደበቅ አንሞክርም። ግን አንድ ጊዜ ጠርቶ ሰባት ሰው መጣ ብሎ መተው ማስተማር አይደለም። ካልኩለስን አንድ ጊዜ አስተምራችሁ ተዋችሁት?

‹‹ምን አስተምሩን ነው የምትሉት?›› ትሉ ይሆናል። የደረሰብንን እንንገራችሁ።

ሦስት ሆነን አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ አንድ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ‹‹ልጆቼ›› ይሉናል። የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁን። ቤተሰብ ተበድረን፣ አንዱ ላፕቶፑን ሸጦ ከፈልን። ደላላው ድርሻውን ወስዶ ስልኩን ዘጋ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል ሕግ መኖሩን የሰማነው ከከፈልን በኋላ ነው። ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዝቅተኛው የኪራይ ዘመንም ሁለት ዓመት ነው ይላል። ብናውቀውስ ምን እናመጣ ነበር? ‹‹እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልጉ›› መባሉ አይቀርም ነበር ይሆናል። ቢሆንም አውቀን ብንጠቃ ይሻለን ነበር።

አንዲት ጓደኛችን ‹‹ሴት ብቻዋን አናከራይም›› እየተባለች አምስት ቤት ዞረች። በስድስተኛው እኔና ሌላ ልጅ ወንድሞቿ ነን ብለን አብረናት ሄድን።

ሥራው ጋ ስንሄድ ደግሞ ዋስ አምጡ እንባላለን። ደመወዝተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ዋስ። ከገጠር መጥቶ ሰው የማያውቅ ልጅ ዋስ ከየት ያመጣል? አባቱ ገበሬ ናቸው። እናቱ ጠላ ትሸጣለች። የሚያውቀው ደመወዝተኛ መምህሩን ብቻ ነው፤ መምህሩ ያሉት እናንተ ጋ ነው። የቀበሌ መታወቂያም አለ። የተወለድንበት ቀበሌ መሸኛ አምጡ ይባላል፤ መሸኛው በአካል ይፈልጋል። ፋይዳ አውጥተናል፣ ጥሩ ነው። ፋይዳ ግን ማን እንደሆንኩ ይናገራል እንጂ የት እንደማድር አይናገርም። ዋሱም፣ ቀበሌውም፣ አከራዩም የሚጠይቁት የት እንደማድር ነው።

አንዱ በአንድ የግል ድርጅት ስድስት ወር ‹‹በሙከራ ላይ ነህ›› ተብሎ በግማሽ ደመወዝ እንዲሠራ ተነግሮታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ የነገረው ቴሌግራም ላይ የተዋወቀው ሰው ነው። ሌላው መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባ። ከመስከረም ወዲህ የዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ነው ብሎ፣ በየወሩ 11,500 ብር በእጁ የሚገባ መስሎት በጀት ሠራ። ለእናቱ ይህን ያህል፣ ለኪራይ ይህን ያህል። ግብሩና 7 በመቶ ጡረታው ተቆርጦ ሲመጣ ‹‹ገንዘቤን በሉት›› ብሎ ፋይናንስ ክፍል ሄዶ ተጨቃጨቀ። ልጁ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነው። እየሳቅንበት ነው የምንጽፈው፤ እሱም ፈቅዷል።

እኔ ራሴ የመጀመሪያ ደመወዜን በአሥራ ሁለት ቀን ጨረስኩት። ምን እንደገዛሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን እስከ ዛሬ እጄ ኪሴ ውስጥ ሚል ካርድ ይፈልጋል። ከዚያ ትዝ ይለኛል። ሽሮ የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ውሃም የዛሬ ተራችን አይደለም። በግቢው ሽሮ የቀለድንበትን ሁሉ መልሰን ወስደናል። የእኛው ይበልጥ ይቀጥናል።

የኪራዩን ዋጋ አውርዱልን አንልም። ዋስ ሁኑን አንልም። ሽሮ መሥራት አስተምሩን የሚልም ከመሃላችን የለም። የምንለው እጃችሁ ላይ ያለውን ልቀቁልን ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የመስከረሙ ማስታወቂያ ይነሳ። በሕግ የጸደቀ ውክልና የያዘ ሰው ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር) መቀበል ይችል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማስታወቂያውን ያወጣው እጅ ሊያነሳው ይችላል።

የቀጣሪዎች የማጣሪያ ደብዳቤ በስንት ቀን እንደሚመለስ ቁርጥ ያለ ጊዜ ይቀመጥ፤ የተጠራቀመውም ይመለስ። የአካውንቲንግ ልጃችን ጉዳይ በዚህ ሳምንት ቢታይ ደስ ይለናል፤ ቁጥሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ አስገብተናል።

በእናንተ ጸሐፊ የተሳሳተ ስም በእናንተ ወጪ ይታረም።

ክሊራንስ ከምረቃው በፊት ባለው ሳምንት ይጀመር፤ ፈራሚ ሲቀር ተተኪ ይመደብ። ለሚቀጥለው ባች ማለታችን ነው፤ የእኛ አልፏል። ወደ ቤታቸው መሄድ ለማይችሉ ተመራቂዎች ቢያንስ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አንድ ሕንፃ ክፍት ይሁን። ካፌ ባይኖርም ችግር የለም፤ አልጋው ይበቃል። የመውጫ ፈተና ለሚደግሙትም የላይብረሪ ፈቃድ ይሰጣቸው።

የወጪ መጋራት ሒሳባችን በዓመት በዓመት ተዘርዝሮ ይሰጠን። ያቋረጠው ልጅ ሒሳብ ይስተካከል።

የሥራ መረጃ ማዕከሉ ወንበሩ ወጥቶ ሰው ይግባበት። ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ደመወዝ ተቀናሽ የሚናገር ሰው ለጂሲዎች በሴሚስተር ሁለት ቀን ይመደብ። የሚናገር ከጠፋ እኛ በየተራ እንመጣለን፣ አበል አንጠይቅም። የትራንስፖርቱን ግን ብትችሉ ጥሩ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ መልሱን ከቻላችሁ በጽሑፍ አድርጉት። በአካል ቅረቡ እንዳትሉን። በዚያው በሬጅስትራሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ በዚያ የሚያልፍ ታናሽ ተማሪ ፎቶ አንስቶ ይልክልናል። እኛ መግባት አንችልም፤ መታወቂያችንን መልሰናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የ2017 ዓ.ም. ተመራቂዎች ጊዜያዊ ኮሚቴ ጸሐፊ
ስለ ፈራሚዎቹ ሁሉ

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለዘንድሮ ጂሲዎች፣ ፈርማችሁ የምትቀበሉትን ሁሉ ቅጂ እንድትይዙ